የኖራ ድንጋዩን ማን ሠራው?

(በሬዲዮ ፕሮግራም ከቀረበ ንግግር)

 

ዛሬ የምናወራው ስለ ድንጋይ ነው። ስለ ዘካ ወይም ስለ ትዳር ትምህርት ስትጠብቁ የነበራችሁ እናቶችና አባቶች ጥቂት ታገሡኝ። ቤታችሁ የተለሰነበት ሲሚንቶ ከዚህ ድንጋይ ተፈጭቶና ተቃጥሎ የተሠራ ነው። ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት ይዘውት የሚመጡት አንድ ከባድ ጥያቄም ከዚሁ ድንጋይ ይጀምራል።

ሮቤ ውስጥ ከማስተምራቸው ደረሶች አንዱ፣ አሥረኛ ክፍል የሚማር ልጅ፣ ከቤተሰቡ ጋር ሶፍ ዑመር ደርሶ ሲመለስ ከመንገድ ዳር አንድ ድንጋይ አንሥቶ አመጣልኝ። ከዐስር ሰላት በኋላ ነበር። ድንጋዩ ነጣ ያለ፣ ጭብጥ የሚሞላ ነው፤ በአንድ ጎኑ ላይ የተሸነሸነ ዛጎል ወጥቶ ይታያል። «ኡስታዝ፣ ይህ የባሕር ዛጎል ነው፤ ባሌ ውስጥ ደግሞ ባሕር የለም» አለኝ። «መምህራችን ዕድሜው በብዙ ሚሊዮን ዓመት ይቆጠራል አለን። አባቴ ደግሞ የኑሕ (ዐ.ሰ) ጎርፍ ያመጣው ነው፣ ሌላ ነገር አትስማ አለኝ። የማንን ልያዝ?»

ልጁ የጠየቀኝ ስለ ድንጋይ ይምሰል እንጂ ስለ አባቱና ስለ መምህሩ ነበር። እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ መስጊድ የመጣ ልጅ «ዝም በል፣ ይህ ያንተ ጉዳይ አይደለም» ከተባለ ሁለተኛ አይመጣም። ጥያቄውን ግን አይተወውም፤ ወደ ሌላ ሰው ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ «ማንንም ለመተው አትቸኩል፤ መጀመሪያ ድንጋዩ የሚለውን እንስማ» አልኩት። የዚያን ዕለት ለእርሱ በአጭሩ ያልኩትን ዛሬ ለእናንተ ሰፋ አድርጌ አቀርባለሁ።

ሶፍ ዑመርን ያላያችሁ ትኖራላችሁና ከዚያ ልጀምር። የወይብ ወንዝ ከባሌ ተራሮች ይነሣና በዲንሾና በሮቤ አካባቢ አልፎ ወደ ምሥራቅ ወደ ቆላው ይወርዳል። ከጎሮ ማዶ ሲደርስ መንገዱን የዘጋበትን የድንጋይ ግንብ ሰርስሮ ከምድር በታች ይገባና በሌላ በኩል ይወጣል። የዋሻው ስም እንደ አባቶች ትውፊት በዚያ ተጠልለው አላህን ሲያመልኩ ከኖሩት ከሼኽ ሶፍ ዑመር የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የመጡ እንግሊዛውያን የዋሻ አጥኚዎች መተላለፊያዎቹን ለክተው በድምሩ 15.1 ኪሎ ሜትር አግኝተዋል። ግድግዳው፣ ዓምዱ፣ ጣሪያው ሁሉ የኖራ ድንጋይ ነው።

ሮቤ ወይም ጎባ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ለሚያይ ሰው ይህ አይታይም። እኛ የምናየው የስንዴ ማሳና ጥቁር ድንጋይ ነው። ሳነቴ ላይ ወጥታችሁ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለውን ቱሉ ዲምቱን ብታዩም እሳተ ገሞራ የተፋው አለት ነው የምታገኙት። ነገር ግን ይህ ሁሉ ጥቁር አለት በላዩ የፈሰሰ ልባስ ነው። ወንዙ ወደ ቆላው ሲወርድ ልባሱን ቆርጦ ከሥሩ ያለውን የቆየ ድንጋይ ያሳየናል።

ያ የቆየው ድንጋይ የባሕር ወለል ነበር። ጂኦሎጂስቶች ጁራሲክ ብለው በሚጠሩት ዘመን፣ ከዛሬ 200 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እስከ 145 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ባሕር ዛሬ ሶማሊያና ኦጋዴን ባሉበት በኩል ገብቶ ባሌንና ሐረርጌን አለበሰ፤ ቀስ በቀስም እስከ ዓባይ ሸለቆና እስከ ትግራይ ዘለቀ። እ.ኤ.አ. በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ መቅደላ የዘመተው ጂኦሎጂስት ዊልያም ብላንፎርድ ይህን የኖራ ድንጋይ በትግራይ አይቶ ከሕንጣሎ ከተማ ስም «የአንታሎ ኖራ ድንጋይ» አለው፤ የሳይንስ ሰዎች እስከ ዛሬ የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው። ከእኛው ሕንጣሎ ወጥቶ በእንግሊዝ አፍ «አንታሎ» ሆኖ ቀረ።

አሁን ወደ ልጁ አባት ሐሳብ እንምጣ። በተራራ ላይ ዛጎል አይቶ የኑሕን ጎርፍ ያሰበ ሰው አይናቅም፤ በየአገሩ ብዙ ብልሆች እንዲሁ አስበዋል። በኑሕ ዘመን የሆነው እኛ ሙስሊሞች የምናምነው ነገር ነው። ውኃው ምድርን በሙሉ ያካለለ ነው ወይስ የኑሕን ሕዝብ አገር ብቻ በሚለው ላይ ግን ዑለማዎች ራሳቸው ከጥንት ጀምሮ የተለያየ አስተያየት አላቸው። ያመንበት ነገር ሁሉ ደግሞ በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ ማስረጃ እንዲኖረው አይገደድም። እኔ ለልጁ ያልኩት እንዲህ ነው፦ ጎርፍ ዛጎልን ከቦታ ወደ ቦታ ሊወስድ ይችላል፤ በቦታው ተተክሎ ያደገን ነገር ግን ጎርፍ አያሳድገውም። ስለዚህ ተንቀሳቃሹን ዛጎል ለጊዜው እንተወውና ሲኖር ቦታውን የማይለቀውን ፍጡር እንይ።

በዚያ ባሕር ውስጥ እንዲህ ያሉ ብዙ ነበሩ። በትግራይ በመቀሌ ዙሪያ ባለው የአንታሎ ኖራ ድንጋይ ውስጥ ከኮራሎች ጋር አብሮ የሚገኝ አንድ የጠፋ ፍጡር አለ። ስሙ ለምላስ ያስቸግራል፤ ስትሮማቶፖሮይድ ይባላል። በግሪክኛ «ስትሮማ» የተነጠፈ ነገር፣ «ፖሮስ» ደግሞ ቀዳዳ ነው። ስሙን ከፈራችሁት «ባለ ቀዳዳው ንጣፍ» በሉት።

መልኩን ለመረዳት ከቤታችን ምሳሌ እንውሰድ። በመሶብ ውስጥ የተደራረበ እንጀራ አስቡ፤ በአንዱ እንጀራና በሌላው መካከል ደግሞ እንደ መርፌ የቀጠኑ ምሰሶዎች ቆመው ጥቂት ክፍተት ፈጥረዋል እንበል። ይህን ሁሉ አሳንሳችሁ በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ብዙ ንጣፍ እንዲኖር አድርጉት። የተሠራበት ቁስ ደግሞ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ማለትም ራሱ ኖራው ነው። ፍጡሩ ድንጋዩን ከሌላ ቦታ አላመጣውም፤ በባሕሩ ውኃ ውስጥ የሟሟውን እየወሰደ ከታች ወደ ላይ ንጣፍ በንጣፍ ገነባው። ሕይወት ያለው በላይኛው ስስ ሽፋን ላይ ብቻ ነው፤ ከሥሩ ያለው የቀድሞ ቤቱ ነው። አንዳንዱ እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ፣ አንዳንዱ እንደ ዳቦ ጉብ ያለ፣ አንዳንዱም ቅርንጫፍ ያወጣ ነበር። በጥንታውያኑ መካከል ከአንድ ሜትር የሚበልጡም ነበሩ።

ምግቡስ? አፍ የለውም፤ ሆድም፣ ዓይንም፣ ልብም የለውም። በገላው ላይ ባሉት ለዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ውኃ ይገባል። በውስጡ የተደረደሩ ጅራፍ መሳይ ጭራ ያላቸው ደቂቅ ሕዋሳት ጭራቸውን እያራገቡ ውኃውን ይስባሉ፤ እንደ ሻይ ማጥለያም ባክቴሪያውንና ጥቃቅኑን ምግብ ያስቀራሉ። የተጣራው ውኃ በትናንሽ ቦዮች ተሰብስቦ በአንድ ሰፋ ባለ ቀዳዳ ይወጣል። እነዚህ ቦዮች በድንጋዩ ገጽ ላይ የኮከብ ቅርጽ ሠርተው ይታያሉ፤ ከመሐል ተነሥተው ወደ ዙሪያው እየቀጠኑ የሚዘረጉ መስመሮች ናቸው። በአንድ ገላ ላይ ብዙ ኮከብ ሊኖር ይችላል። ዛሬ በባሕር ውስጥ የሚኖሩት የዚህ ዓይነት አጣሪዎች በቀን ከራሳቸው መጠን በሺህ ጊዜ የሚበልጥ ውኃ ያሳልፋሉ። በነገራችን ላይ አንዱን ገላ አንድ ፍጡር ነው ወይስ በማኅበር የሚኖሩ ብዙ ናቸው ለማለት ባለሙያዎችም ይቸገራሉ። ለእኔ እንደ ንብ ቀፎ ነው የሚመስለኝ፤ ቀፎውን ወደ አንዲት ንብ መልሳችሁ መቁጠር አትችሉም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ይህን ለልጁ በጣቱ እንዲቆጥር ነው ያደረግኩት። ድንጋይ የሚገነቡ ዘመዶቹ ዛሬም በጃማይካ ባሕር ውስጥ አሉ፤ ከእነርሱ በደንብ የተለካው በዓመት የሚያድገው 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ፍጥነት አንድ ስንዝር ለመሙላት 1,000 ዓመት ያስፈልገዋል። «የጥንቱ ብርሃን በሚበዛበት ውኃ ውስጥ ስለኖረ ይፈጥን ይሆናል» የሚል ካለ አሥር እጥፍ እናፍጥነው፤ ያኔም ለአንድ ስንዝር 100 ዓመት ነው። ይህ የአንዱ ገላ ብቻ ነው። በእንዲህ ያለ ድንጋይ ውስጥ ደግሞ አንዱ ሞቶ፣ በሞተው ላይ ትሎችና ዛጎሎች ጎሬያቸውን ቆፍረውበት፣ ከዚያ ሌላ ትውልድ መጥቶ በተቆፈረው ላይ ሲያድግ ይታያል። በላዩም ሌላ አለ። ይህን ሁሉ የአንድ ወቅት ጎርፍ አይሠራውም። ጎርፍ ያፈርሳል፣ ያደባልቃል፣ ጭቃ ያለብሳል፤ ተከራዮቹን በየተራ እያስገባና እያስወጣ ቤት አይሠራም። ስለዚህ በኖራ ድንጋዩ ነገር መምህሩ ትክክል ነው ብዬ ለልጁ በግልጽ ነገርኩት። አባቱም ኑሕን በማመኑ አልተሳሳተም፤ ዛጎሉን የኑሕ ጎርፍ ምስክር ማድረጉ ግን የእርሱ ግምት ነው እንጂ ሃይማኖቱ ያዘዘው አይደለም። ለአባትህ ስትነግር ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ንገር ያልኩትንም ልጁ ሳይረሳው አይቀርም።

እዚህ ላይ ለወጣቶችና ለዱዓቶች አንድ ነገር መናገር እፈልጋለሁ። በካሴትና በሲዲ፣ ኋላም በስልክ የተዛመቱ ስብከቶች አሉ፤ ሳይንስ ትናንት ያወጣውን እያንዳንዱን ነገር ወዲያው ከቁርኣን አንቀጽ ጋር ያያይዛሉ። ሐሳባቸው ቀና ነው። ነገር ግን የዚህን ፍጡር ታሪክ ስሙ። ጎልድፉስ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1826 ስም አወጣለት። ከዚያ በኋላ የመጡት አንዱ ኮራል ነው አለ፤ ሌላው ስፖንጅ ነው አለ፤ አልጌ ነው ያለም አልታጣም። ኒኮልሰን የተባለው ሊቅ ከ1886 እስከ 1892 በታተመ ትልቅ ጥናቱ ሃይድሮዞዋ ከሚባሉት ከጄሊፊሽ ወገኖች መደበው፤ ብዙዎችም ለረጅም ጊዜ ተከተሉት። ጉዳዩ መልክ የያዘው ሃርትማንና ጎሮ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በጃማይካ የባሕር ዋሻዎችና ጥልቅ ዳገቶች ውስጥ የሚኖሩ፣ ድንጋይ የሚገነቡ ስፖንጆችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1970 ሲያሳትሙ ነው። ያ የኮከብ ቦይ በሕያዋኑ ስፖንጆች ላይ ቁልጭ ብሎ ተገኘ። በ1980ዎቹ ደግሞ በጁራሲክና ከዚያ በኋላ በነበሩት ስትሮማቶፖሮይዶች ውስጥ የስፖንጅ መለያ የሆኑት መርፌ መሳይ አጥንቶች ቅሪት ታየ።

ከ1826 እስከ 1970 ድረስ 144 ዓመት ነው። በዚህ መካከል አንድ ተናጋሪ ተነሥቶ «ይህ ኮራል መሆኑ በቁርኣን ተነግሯል» ብሎ ቢሆን ኖሮ ኮራል አለመሆኑ የታወቀ ዕለት የሚያፍረው ማን ነው? ሰሚው ተናጋሪውን ትቶ አንቀጹን ሊጠራጠር ይችላል። የአላህን ፍጥረት ማስተንተን የታዘዝነው ነገር ነው፤ ገና በምርመራ ላይ ያለን አስተያየት በአላህ ቃል ላይ ማንጠልጠል ግን ሌላ ነገር ነው። ለእኔ የሳይንሱ ሰዎች የሚያስመሰግናቸው ሕያዉን ስፖንጅ ሲያዩ ለብዙ ዓመት ያስተማሩትን ትተው መመለሳቸው ነው።

የእኛ ቀደምት ሊቃውንት በዚህ ረገድ ጥንቁቆች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ973 በኸዋሪዝም የተወለደው አቡ ረይሓን አል ቢሩኒ የከተሞችን አቀማመጥ ስለ መለካት «ተሕዲድ» የተባለ መጽሐፍ በ416 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ1025፣ ጽፎ አጠናቅቋል። መጽሐፉን ከጻፈባቸው ምክንያቶች አንዱ የጋዝናን ከተማ ቂብላ በትክክል ማውጣት ነበር። በመሐሉ ግን ከመንገዱ ወጣ ብሎ ስለ ዓረቢያ በረሓ ያነሣል፦ ይህ በረሓ ቀድሞ ባሕር ነበር፤ ጉድጓድ ሲቆፈር ዛጎል ያለባቸው ድንጋዮች መውጣታቸው ምልክቱ ነው ይላል። በዚያው ዘመን የነበረውና በ428 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ1037፣ ያረፈው ኢብን ሲናም ጭቃ ወደ ድንጋይ እንደሚለወጥና ተራሮች በረጅም ዘመን እንደሚሠሩ አስተምሯል። ሁለቱም ይህን ሲጽፉ ማይክሮስኮፕም የዘመን መለኪያ መሣሪያም አልነበራቸውም፤ ያዩትን ብቻ ይዘው ነው። ጂኦሎጂ ከውጭ የመጣ የእምነት ጠላት ነው ብሎ ለሚፈራ ወላጅ ይህን መንገር ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

አል ቢሩኒ ስለዚያ ባሕር ምን ያህል ትክክል እንደነበር የታየው ነዳጅ ሲፈለግ ነው። ከባሌም፣ ከአርሲም፣ ከወሎም ብዙ ልጆቻችን ሳዑዲ ዓረቢያ ደርሰዋል፤ ጋዋር የሚባለውን የነዳጅ መስክ የሰሙ ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ1948 የተገኘ፣ ርዝመቱ 280 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ፣ በዓለም ትልቁ የነዳጅ መስክ ነው። ነዳጁ የተቀመጠበት ዋናው ንብርብር በጁራሲክ መጨረሻ ገደማ የተሠራ የኖራ ድንጋይ ነው፤ በውስጡም ክላዶኮሮፕሲስ የተባለ ቅርንጫፋም ስትሮማቶፖሮይድ በብዛት አለ። ቅርንጫፉ እርሳስ የማያክል ቀጭን ነው። ድንጋዩ ከተሠራ በኋላ ከምድር በታች ያለው ውኃ ብዙዎቹን ቅርንጫፎች አሟሟቸውና ቦታቸው እንደ ቧንቧ ክፍት ሆኖ ቀረ። በእነዚህ በኩል ነዳጁ እንደ ልብ ይፈስሳል፤ ይህ ፍጡር ያለበትን ንብርብር ያገኘ ጉድጓድ ከሌላው ይልቅ የሚያፈልቀው ለዚህ ነው። ነዳጁ ግን ከእነርሱ ገላ የመጣ አይደለም፤ በዚያው ባሕር ጭቃ ውስጥ ከተቀበሩ ደቂቅ ሕያዋን ነው። እነርሱ የሠሩት ማጠራቀሚያውን ነው።

እዚህ ላይ አንድ አድማጭ «ሳዑዲና ባሌ ምን አገናኛቸው፤ በመካከል ቀይ ባሕር አለ አይደለም ወይ?» ይል ይሆናል። ያኔ ቀይ ባሕር አልነበረም። የዓረቢያ ምድርና የእኛ ምድር አንድ ነበሩ፤ የተለያዩት ከብዙ ዘመን በኋላ፣ የኢትዮጵያን ደጋ ያለበሰው እሳተ ገሞራ ከተነሣበት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ወዲህ ነው። ያን ጊዜ ያ ጥልቀት የሌለው ሞቃት ባሕር የዚህን አንድ ምድር ጠርዝ ከዓረቢያ በየመን አድርጎ እስከ ሶማሊያና ኢትዮጵያ አልብሶት ነበር።

ስለ መጥፋታቸው በአጭሩ ልበልና ላብቃ። እነዚህ ፍጡራን ሁለት ጊዜ ነግሠዋል። የመጀመሪያዎቹ በጁራሲክ ከነበሩት እጅግ የሚቀድሙ ናቸው፤ ከ400 ሚሊዮን ዓመት በፊት በባሕር ውስጥ ታላላቅ ግንቦችን የሠሩት እነርሱ ነበሩ፤ የአውስትራሊያና የካናዳ አለቶች ዛሬም ይህን ያሳያሉ። ከ372 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ በመጣ ታላቅ እልቂት ክፉኛ ተመቱ፤ ከ360 ሚሊዮን ዓመት በፊት አካባቢ ደግሞ ጨርሰው የጠፉ ያህል ሆነ። ለዚህም ሊቃውንት የባሕሩን ኦክስጅን መጓደልና የአየሩን መቀዝቀዝ ይጠቅሳሉ። ሁለተኛዎቹ፣ ያንኑ የአሠራር ዘዴ የያዙት፣ በጁራሲክ ታዩና ከዚያ በኋላ ባለው ዘመን እየተመናመኑ ሄዱ። ዛሬ የቀሩት ዘመዶቻቸው ጥቂት ናቸው፤ የሚበዙትም ብርሃን በማይደርስባቸው የባሕር ዋሻዎችና ጥልቅ ቦታዎች ነው።

ወደ ሶፍ ዑመር የምትሄዱ ወንድሞችና እህቶች ግድግዳውን በቀስታ እዩት። የእጅ ባትሪ ያዙና ብርሃኑን ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን አብሩበት፤ ጥላው የዛጎሉን ሽንሽንና የድንጋዩን ንጣፍ ያጎላዋል። ከግድግዳው ግን አትስበሩ፤ ስማችሁንም አትጻፉበት። ማየት ለሚፈልግ የወደቀው ይበቃል፤ ያ ልጅ ያመጣው ድንጋይም የወደቀ ነው። ወንዙ ራሱ ከሰው እጅ ይልቅ በትዕግሥት እየፈታው ነው። የወይብ ውኃ በየክረምቱ ከግድግዳው ጥቂት ጥቂት ኖራ እያሟሟ ይዞ ይወርዳል፤ ከገናሌ ጋር ይቀላቀላል፣ ጁባ ይሆናል፣ ኪስማዮ አጠገብም ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። እዚያም ኮራሎችና ዛጎሎች ከባሕሩ ውኃ ኖራ እየወሰዱ ይገነባሉ።